ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር በሳምንቱ ለምን ይታመማል?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አራት ኮምፒውተር፣ ሁለት ሠራተኛ። ደንበኞቻችን በብዛት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ሁሉም ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ማታ ደግሞ የእህቴ ልጅ ፊልም ያወርድባቸዋል። ዘንድሮ ብቻ አምስት ጊዜ ፎርማት አስደረግሁ። በሳምንቱ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል፤ ጥግ ላይ ደግሞ ‹ቫይረስ ተገኝቷል› የሚል ነገር እየዘለለ ይመጣል። ልጆቹን ብመክርም ብቆጣም ያገኙትን ከመጫን አልተመለሱም። አንደኛውንማ ላሰናብተው ነው። የትኛውን አንቲቫይረስ ብገዛ ይሻላል?»

መልስ፦

አንቲቫይረስ አይግዙ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደር የሚባል የራሳቸውን አንቲቫይረስ ይዘው ነው የሚመጡት። ለጽሕፈት ቤት ሥራ ይበቃል። በላዩ ሌላ ቢደርቡበት ማሽኑ ያዘግማል እንጂ ጥበቃው እጥፍ አይሆንም። የእርስዎ ቤት የሚታመመው ዘበኛው ደካማ ስለሆነ አይደለም። የበሩ ቁልፍ በሁሉም ሰው ኪስ ስላለ ነው።

ልጆቹንም ግዴለሾች ብለው ከመፍረድዎ በፊት አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ጽሕፈት ቤት ወረፋ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። አንዲት ተማሪ ፍላሿን ሰጠች። ሠራተኛው ልጅ ሰካው። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበት ፎልደር ታች በግራ ጥጉ ላይ ትንሽዬ የታጠፈች ቀስት አለችበት። ሾርትከት ነው ማለት ነው፤ ፎልደሩ ራሱ ሳይሆን ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁም አቋራጭ። ልጁ አላያትም፤ ከፊቱ ስድስት ሰው ቆሟል። ደብል ክሊክ አደረገ። ፎልደሩ ተከፈተ፣ ጽሑፉ ወጣ፣ ፕሪንት ተደረገ፣ ተማሪዋ ከፍላ ሄደች። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። የቀጣዩ ደንበኛ ፍላሽ ሲሰካ ግን የእሱም ፎልደሮች ቀስት አወጡ።

ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ይህ ቫይረስ እውነተኛውን ፎልደር አይሰርዘውም። ይደብቀዋል፤ አንዳንዱም ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። በቦታው በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱ ሲነካ ሁለት ሥራ አከታትሎ ይሠራል፤ ቫይረሱን ያስነሳል፣ ከዚያ የተደበቀውን ፎልደር ይከፍታል። ቀኝ ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ታርጌት» የሚለውን ቢያነቡ ከፎልደሩ ስም ጋር የሌላ ፕሮግራም ስም ተቀጥሎ ያገኛሉ። የነካው ልጅ ግን ጥፋቱ አይታየውም። ሥራው አልቋል፣ ደንበኛው ረክቷል። ካላየው ጥፋት ሰው ምን ብሎ ይማራል? ምክርዎም ቁጣዎም ያልሠራው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው «ፍላሽ ሲሰካ ቫይረሱ ራሱ ይነሳል» ይላል። ድሮ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሳው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። ዊንዶውስ 7 ግን ፍላሽ ላይ ያለ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሳ ተደርጎ ወጣ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ ለቀደሙት ዊንዶውሶችም ያንኑ በማሻሻያ ላከ። ዛሬ ፍላሽ ላይ ያለ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ጣት ይፈልጋል። ለእርስዎ ይህ መልካም ወሬ ነው፤ ጣት የሚነካውን መወሰን ይቻላልና።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ፋይሉ ሾርትከት የሆነበትን የደንበኛ ፍላሽ ማንም ፎርማት እንዳያደርግ። ሰነዱ እዚያው አለ። ፎልደር መክፈቻው ላይ «ቪው» ውስጥ ገብተው «ሂደን አይተምስ» የሚለውን ያብሩ። ካልታየ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ምልክት ያጥፉ። የተደበቀው ደብዘዝ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ሰነዱን ብቻ ይቅዱ፤ ፎልደሩን እንዳለ አይውሰዱ። የአንድ ዓመት ልፋቷ በአንድ «ፍላሽሽን አጸዳሁልሽ» የጠፋባት ተማሪ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ፎርማቱ። ፎርማት የሚያጸዳው ያን አንድ ማሽን ነው፤ እሱንም በከፊል። ባለሙያው ዊንዶውሱ ያለበትን ሲ ድራይቭ ያጸዳል፣ ሰነድ የሞላበትን ዲ ድራይቭ ይተወዋል። በሽታው ዲ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ሦስቱ ሌሎች ማሽኖችም አሉ፤ በኔትወርክ ፎልደር የሚጋሩ ከሆነ አንዱ ለሌላው ያቀብላል። በግ ያረባ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ እከክ የገባበት መንጋ አንድ በአንድ አይታከምም፣ በአንድ ቀን ነው። ክሮም ላይ በጉግል አካውንት የገባ ሰው ካለ ደግሞ መጥፎው ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ የተጨመረው ትንሽ ፕሮግራም፣ ከፎርማቱ በኋላ በአካውንቱ ሲንክ ተመልሶ ይመጣል። ማሽኑ አዲስ፣ በሽታው የድሮ።

በሽታው የሚመለስበት አራተኛው መንገድ ባለሙያው ራሱ ነው። የሙያ ባልደረቦቼ ቅር ይበላቸው። ፎርማት አድራጊው ከሱቅ ሱቅ ይዞት የሚዞር ፍላሽ አለው። ዊንዶውሱን የሚከፍትበት አክቲቬተር፣ ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረው ኦፊስ፣ እንዲሁ የተሰበረው የአማርኛ መጻፊያ ፓወር ግዕዝ፣ ሁሉም እዚያ ነው። አክቲቬተሩ እንዲሠራ መጀመሪያ ዲፌንደርን ያጠፋል፤ ወይም «ይህን አትይ» ብሎ ያዘዋል። ዛሬውኑ ይመልከቱ። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ ከዚያ «ማኔጅ ሴቲንግስ»፣ ታች ወርደው «ኤክስክሉዥንስ»። እኔ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ሲ ድራይቭን እንዳለ ተጽፎ አግኝቻለሁ። ዘበኛው ወንበሩ ላይ አለ፣ ዓይኑ ታስሯል። የሱቁ ባለቤት ግን «ዲፌንደር አይረባም» እያለ ሌላ ይገዛል። ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጥፉት። ለአማርኛ መጻፊያ ብቻ ከሆነ የተሰበረ ሶፍትዌር አያስፈልግዎትም፤ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ኪማን የሚባለውም በነፃ ይወርዳል። በድሮ ፎንት የተጻፉ ሰነዶች ካሉዎት እነሱን ለብቻ ያዩዋቸዋል።

ጥግ ላይ እየዘለለ የሚመጣው «ቫይረስ ተገኝቷል» ደግሞ ምናልባት ቫይረስ እንኳ አይደለም። የፊልም ገጽ ሲከፈት «ኖቲፊኬሽን ልላክልህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የእህትዎ ልጅ «አላው» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ ያ ገጽ የፈለገውን ማስታወቂያ ይልካል። በብራውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የተፈቀደላቸውን ገጾች ዝርዝር ከፍተው ማጥፋት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ለዚህ ፎርማት ከፍለው ከሆነ በጣም አዝናለሁ። ማስታወቂያው ላይ ተጭኖ «አጽዳልኝ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እውነተኛው በሽታ ያን ጊዜ ይገባል።

ታዲያ ምን ያድርጉ? እኔ የእርስዎን ቤት ብይዘው መጀመሪያ የማደርገው ፍላሽ የሚሰካበትን ማሽን አንድ ብቻ ማድረግ ነው። ከአራቱ አሮጌውን ይምረጡ፣ መግቢያው አጠገብ ያስቀምጡት፣ ዊንዶውሱን አውጥተው በምትኩ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም ያስጭኑበት። ነፃ ነው። 4 ጂቢ ራም ያለው ማሽን ይበቃዋል። ለዊንዶውስ የተጻፈ ቫይረስ እዚያ ቢመጣ ተራ ፋይል ነው፤ ደብል ክሊክ ቢደረግም የሚነሳበት የለውም። የተደበቁት ፎልደሮችም እዚያ ሳይደበቁ ይታያሉ። ሠራተኛው ከፍላሹ ወርዱን፣ ፒዲኤፉን፣ ፎቶውን መርጦ በኔትወርክ ወዳለው የጋራ ፎልደር ይቀዳል። ፒዲኤፍ ከሆነ ከዚያው ፕሪንት ይደረጋል። የወርድ ሰነድ ግን ሊኑክሱ ላይ አይከፈት፤ እዚያ በወርድ ፈንታ ያለው ሊብረኦፊስ ገጹን ያዛባዋል፣ ተማሪዋም ትቆጣለች። እሱ ወደ ዊንዶውሶቹ ይሂድ። ደንበኛው የተስተካከለውን መልሶ በፍላሽ ከፈለገም ከዚያችው ማሽን ይቀበል።

ልጆቹን የሚያስተምሩት እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ፍላሽ እዚህ እንጂ እዚያ አይሰካም። ይህን ሰው ይይዘዋል። «የማታውቀውን አትክፈት» የሚለውን ምክር ግን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማን ሊጠብቀው ይችላል? ሥራቸው ቀኑን ሙሉ የማያውቁትን መክፈት ነው!

በሌሎቹ ሦስት ማሽኖች ላይ ፍላሽ ጭራሽ እንዳይነበብ ያድርጉ። ዊንዶውሱ ፕሮ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው መቆጣጠሪያው ይዘጋል። ሆም ከሆነ ያ መሣሪያ የለውም። አንድ ሱቅ ውስጥ ትርፍ የፍላሽ ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ለጥፈው አይቼ ስቄ ነበር። በኋላ ሳስበው የሳቅሁት እኔ ነበርኩ የተሳሳትሁት። ማውሱና ፕሪንተሩ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ የቸኮለ እጅ ግን ፕላስተሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ሁለተኛው እርምጃ ቁልፉን ከኪሳቸው ማውጣት ነው። አሁን ሠራተኞቹ የሚሠሩት ሁሉን ለመጫንና ለመለወጥ በሚፈቅደው በአድሚን አካውንት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ በየሱቁ እንዲያ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ «አካውንትስ» ገብተው አዲስ አድሚን አካውንት ይክፈቱ፤ ፓስወርዱን እርስዎ ብቻ ይወቁት። ከዚያ ልጆቹ የሚጠቀሙበትን ወደ «ስታንዳርድ ዩዘር» ይለውጡት። ይህን ቅደም ተከተል አይገልብጡ፤ አዲሱ አድሚን መግባቱን ሳያረጋግጡ የድሮውን ዝቅ ካደረጉ ራስዎን ደጅ ቆልፈው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ሲስተሙን የሚነካ ፕሮግራም ሊጫን ሲል የእርስዎን ፓስወርድ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሳምንት ስልክዎ ይጮኻል። «ይህን ጫኑልን፣ ያን ክፈቱልን» ይባላል። ታገሡ፤ በሁለተኛው ሳምንት ይቀንሳል።

ዲፕ ፍሪዝ የሚባለውንም ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። ኢንተርኔት ካፌዎች ይወዱት ነበር። ማሽኑን ባጠፉና ባበሩ ቁጥር ወደ ተቀመጠበት ሁኔታ ይመልሰዋል፤ የተጫነውም የተበላሸውም ይጠፋል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን በገንዘብ የሚገዛ ነው፣ ሰነድዎንም ከታሰረው ድራይቭ ውጭ ማስቀመጥ ግድ ይላል። እንዲህ ሳያስተካክሉ ያሰሩት ሰዎች መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የቀኑ ሥራቸው አብሮ ሄዷል። ማሻሻያ ለመጫንም ፈትተው መልሰው ማሰር አለብዎት። ደግሞ እስኪጠፋ ድረስ ባለው ሰዓት ውስጥ የገባ ቫይረስ ፓስወርድ ከመስረቅ አይከለከልም። ለእርስዎ ቤት አስፈላጊ አይደለም። ከገዙም ለእህትዎ ልጅ ማሽን ይሁን። (የተሰበረ ዲፕ ፍሪዝ የሚጭኑም አሉ። ምን እንደምል አላውቅም።)

ስለ ልጁ ካነሳን፣ ፊልሙን መከልከል አያስፈልግም። ለእሱ አንድ ማሽን ይለዩለት፣ ስታንዳርድ አካውንት ይክፈቱለት፣ ብራውዘሩ ላይ ማስታወቂያ ማገጃ ይጫኑለት። ፋየርፎክስ ከሆነ ዩብሎክ ኦሪጅን፣ ክሮም ከሆነ የዚያው «ላይት» የሚባለው ዓይነት አለ። ከአሥሩ «ዳውንሎድ» ቁልፍ ዘጠኙ የውሸት በሆነበት ገጽ ላይ ዘጠኙ ቢጠፉ ልጁም አይሳሳትም። ሌላም አለ፤ ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻውን ይደብቃል። ፊልም መስሎ የወረደው በስሙ መጨረሻ ላይ «ኢኤክስኢ» የሚል ካለ ፕሮግራም ነው። «ቪው» ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን በሁሉም ማሽን ላይ ያብሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለምን ያመሰው «አይ ላቭ ዩ» ቫይረስ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢሜይል የገባው በዚችው በተደበቀች ጅራት ነበር። ዊንዶውስ ዛሬም ይደብቃታል።

እነዚህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን ያለውን በሽታ በአንድ ቀን ማውጣት አለብዎት። ሥራ የማይበዛበት ቀን ይምረጡ። የአራቱንም ማሽኖች ኔትወርክ ይንቀሉ። ሰነዶቹን ብቻ ወደ አንድ ውጫዊ ዲስክ ያውጡ፤ ፕሮግራምና ሾርትከት የሆነ ነገር አይከተል። ከዚያ ዲ ድራይቭን ጨምሮ ሁሉም ይጽዳ። ዊንዶውሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ የወረደ ይሁን፣ ከባለሙያው ፍላሽ አይሁን። ባለሙያው «ይህማ ጊዜ ይወስዳል» ይልዎታል። እውነቱን ነው፣ ይወስዳል። ዲስኩ ተመልሶ ሲሰካ መጀመሪያ ሊኑክሱ ላይ ይሁን።

የዊንዶውሱን ዕድሜም ይዩ። ዊንዶውስ 7 ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ማሻሻያ አያገኝም። ለዊንዶውስ 10ም መደበኛው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽንዎ ዊንዶውስ 11 ከቻለ ወደዚያ ይሻገሩ። ካልቻለ ኢንተርኔቱን ለሌላው ትተው እሱን ለመጻፍና ለፕሪንት ብቻ ያቆዩት። «ማሻሻያ ዳታ ይበላል» ብለው ያጠፉትም ከሆነ ያብሩት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የሚያስቆመው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተመቱት ያልጫኑት ናቸው።

ይህ ሁሉ የማይሸፍነውን ልንገርዎ። ፓስወርድ የሚሰርቁ ቫይረሶች አድሚን መሆን አያስፈልጋቸውም፤ ሠራተኛው ራሱ ማየት የሚችለውን ሁሉ ያያሉ። ብራውዘር ውስጥ የተቀመጠ ፓስወርድ፣ ተከፍቶ የቀረ ቴሌግራም፣ ሁሉም ይወሰዳል። ስለዚህ በሱቁ ማሽን ላይ የባንክ ነገር አይክፈቱ። እስካሁን ከፍተው ከነበረ ፓስወርዶቹን ይቀይሩ፤ ግን ከስልክዎ እንጂ ከታመመው ማሽን አይደለም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብተው ሌሎቹን ሁሉ ያስወጡ፤ የተሰረቀ መግቢያ ካልተዘጋ ሌባው ያለ ፓስወርድ እዚያው ይቀመጣል። ወርድ ላይ ከላይ ቢጫ መስመር ወጥቶ «ኢነብል ኮንተንት» ቢልም ማንም አይጫነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ፕሪንት ለማድረግ እሱ አያስፈልግም።

ሰነዶችዎን ሁለት ውጫዊ ዲስክ ላይ እያፈራረቁ ያስቀምጡ። አንዱ ቤትዎ ይደር። ሁልጊዜ ማሽኑ ላይ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ መጠባበቂያ አይባልም፤ ፋይል ቆላፊው ቫይረስ ሲመጣ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል።

ሠራተኛዎን አያሰናብቱት። በእሱ ቦታ የሚመጣውም ያችኑ ቀስት አያያትም፤ ወረፋው ረጅም ነው። ይልቅ የአድሚኑን ፓስወርድ በወረቀት ጽፈው ሞኒተሩ ላይ እንዳይለጥፉት። አንድ ሱቅ ይህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ በሳምንቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ብጎበኘው ተለጥፎ ነው ያገኘሁት።